መሪው አልዞርም ያለ ቀን

ሐይቁን ለመሻገር ሁለት ሰዓት ይበቃል ተብሎ ነበር የወጣነው። አምስት ሰዓት ፈጀብን፤ አዳሩን ሳልቆጥር።

ጀልባዋ የጓደኛዬ ናት። ከኋላዋ የተንጠለጠለውና መሪው ሲዞር አብሮ የሚዞረው ሞተር ባለ 40 የፈረስ ጉልበት፣ በዕድሜ እኔን የሚስተካከል ሽማግሌ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ሸራ ለብሶ ቆሟል። ጓደኛዬ «አንዴ ከተነሳ አይጠፋም» አለኝ። አልዋሸም። አልጠፋም። አልዞር አለ እንጂ።

ስለ መጀመሪያው ሰዓት የምለው የለኝም፤ ውሃው ጸጥ ያለ ነበር። ከዚያ ነፋስ ተነሳ። ወደ ግራ ላዞር መሪውን ብይዘው ግትር አለ። በሁለት እጄ ስታገለው ትንሽ ይሄድና ይቆማል። የእኔም አሮጌ መኪና መሪዋ ከባድ ነው፤ ግን መኪና ዳር አስይዞ መውረድ ይቻላል። እዚህ የት ይወረዳል? እየተፈራረቅን ታገልነው። ክንዴ እስከ ማግስቱ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ዳርቻው ጋ ስንደርስ ደግሞ ማርሹ ጀመረው። እኔ ማርሽ የማስገባው በእርጋታ ነው። መኪናዬንም እንደ እንቁላል ነው የምይዛት፤ በዚህ ስለምኮራ ጓደኞቼ ይስቁብኛል። ማንሻውን ቀስ አድርጌ ወደ ኋላ ስስበው «ክርርር» አለና ገባ። ወዲያው «ጓ!» ብሎ ወጣ። ድጋሚ አስገባሁት፣ ድጋሚ ወጣ። እስከዚያው ጀልባዋ አሸዋው ላይ ወጥታ ተቀመጠች።

እዚያው ጀልባዋ ውስጥ አደርን። የወባ ትንኝ ነበር፣ የቤንዚን ሽታ ነበር፣ የጓደኛዬ ማንኮራፋት ነበር። ከሦስቱ ማንኛውን ይቅር እንደምል እስካሁን አልወሰንኩም።

ጠዋት መረብ የሚጠግኑ አንድ አባባ መጡ። ጓደኛዬ «ሞተሩ አልቆለታል» ሲላቸው ሳቁ። «ሞተሩ ምን አደረጋችሁ? መጀመሪያ ለያዩት» አሉ። መሪውን ከሞተሩ ጋር የምታያይዘውን አጭር ዘንግ አንድ ዳዶ ፈትተው አላቀቋት። ከዚያ ሞተሩን በአንድ እጃቸው ገፉት። እንደ በር ዞረ! መሪውን ግን ብንታገለው ንቅንቅ የለም። ሞተሩ ቢገትር ኖሮ የሚዞርበትን ቋሚ ዘንግ ግራሶ ማጠጣት ነበር ሥራው። የእኛ በሽታ ካቦው ጋ ነው፤ የመሪውን ጉልበት ወደ ሞተሩ የሚያደርሰው የሽቦ ገመድ ጋ።

የመሪው ካቦ ጫፉ ላይ የብረት ዘንግ አለው። ዘንጉ ሞተሩ ወደ ላይ በሚነሳበት ቱቦ ውስጥ ያልፋል። ዓመት ሙሉ ሲቆም የድሮው ግራሶ ደርቆ፣ ዝገት ተጨምሮበት፣ ዘንጉና ቱቦው አንድ ሆነዋል። እኔ መዶሻ ሳነሳ እጄን ያዙኝ። «የዘንጉን ጫፍ የብሎን ጥርስ ታጠፋዋለህ፣ ልጄ። እንጨት አስደግፍ።» እንጨት አስደግፈን ቀስ በቀስ መታነው። ሲወጣ አብሮት የወጣው ነገር ጥቁር ሰም ይመስላል፤ በጥፍር ነው የሚፋቀው። ቱቦውን በላምባ በራሰ ጨርቅ ጠረግን፣ ዘንጉን በብርጭቆ ወረቀት አሸን፣ አዲስ ግራሶ ቀባን። ካቦው ራሱ ውስጡን ቢደርቅ ኖሮ መቀየር ብቻ ነበር አማራጩ። በግራሶ ጡቷ፣ ማለትም ግራሶ በሚገባባት ትንሽ ቀዳዳ በኩል ስትሞላ ደግሞ ዘንጉን መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ወደ ቱቦው ሰብስበው፤ አለዚያ ግራሶው መሄጃ አጥቶ መሪውን ይቆልፈዋል።

ወደ ማርሹ ሲዞሩ በቅድሚያ ነዳጁን የሚያቀጣጥሉትን የካንዴላዎቹን ገመድ ነቀሉ፤ ፕሮፔለር የሚነካ ሰው ሞተሩ በድንገት እንዲነሳበት አይፈልግም። የማርሹን ካቦ ከሞተሩ ላይ ፈቱና እኔን ፕሮፔለሩን በእጅ አዙር አሉኝ። እሳቸው ማርሹን እዚያው በእጃቸው ሲገፉት፣ ወደፊትም ወደኋላም «ቀጭ» ብሎ ነከሰ። ስለዚህ ካቦው ነው ማርሹን እስከ መጨረሻው የማያደርሰው። ጫፉ ላይ ያለችውን ማስተካከያ ጥቂት ዙር አዞሩና መልሰው አሰሩት።

ከዚያ እንዴት እንደማስገባ አሳይ አሉኝ። በኩራት አሳየሁ። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሄ መኪና አይደለም። ጋዙን ቀንሰህ ሚኒሞ ላይ አውርደው፣ ከዚያ ቆፍጠን ብለህ በአንዴ አስገባ። አንተ ስታባብለው ጥርሶቹ ጫፍ ለጫፍ እየተፋጩ ያልቃሉ።» የሃያ ዓመት ኩራቴ እዚያው አሸዋ ላይ ቀረ።

የማርሹን ዘይትም ከታች ትንሽ አፍስሰው አዩት። ነጣ ብሎ ወተት ቢመስል ውሃ ገብቷል ማለት ነበር። ጥቁር ነው፤ ግን ጣታቸው ላይ ደቃቅ የብረት ብልጭታ ቀረ። ምንም አላሉም። ለእኔም አሳዩኝ።

ስንት እንክፈል ብንላቸው የተረፈውን ግራሶ ብቻ ወሰዱ።

ስንመለስ መሪው በሁለት ጣት ዞረ። ወደፊት የሚወስደው ማርሽ እንደተባልኩት በአንዴ ነከሰ። የኋላው ግን ጋዝ ሲሰጡት አሁንም ይወጣል፤ ያለቀ ጥርስ ካቦ በማስተካከል አይመለስም። ወደቡ ጋ ስንቃረብ ጓደኛዬ ሞተሩን አጠፋና መቅዘፊያውን አቀበለኝ።