ጣት መቁጠር

ባለፈው ወር እህቴ ከሜሪላንድ የአራስ ልጇን ፎቶ ላከችልኝ። መጀመሪያ ያየሁት ፊቷን አይደለም። ፎቶውን አጉልቼ ጣቶቿን ቆጠርኩ። አምስት። በሌላኛውም እጅ አምስት። ከዚያ ነው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብዬ የጻፍኩት።

ሥራዬ ነው እንዲህ ያደረገኝ። ዜና ክፍል ውስጥ ከቴሌግራምና ከቲክቶክ የሚመጡ ቪዲዮዎችንና ፎቶዎችን የማጣራው እኔ ነኝ። የት ነው? መቼ ነው? እውነት ነው? ኤአይ የሚሠራቸው ምስሎች መጀመሪያ አካባቢ ጣት ያበዙ ነበር፣ ስድስት ሰባት ጣት ያለው ሰው ይመጣልሃል። አሁን አስተካክለውታል። የኔ ዓይን ግን ልማዱን አልተወም።

ሰው ሁሉ «ኤአይ ሥራችሁን ሊቀማችሁ ነው አይደል?» ይለኛል። አንዳንድ ቀን፣ እውነቱን ለመናገር፣ በወሰደልኝ ነው የምለው።

አንዷን ቪዲዮ ልንገራችሁ። አርባ ሰከንድ ነች። ቀይ አፈር፣ የቆርቆሮ ቤቶች፣ መንገድ ዳር የተኛ ሰው። ተኛ ያልኩት ሌላውን ቃል ላለማለት ነው። «ዛሬ ጠዋት የሆነ» ተብሎ ሰው እየተቀባበለው ነው። እንዲህ ያለውን አንዴ አይቶ መተው የለም። መጀመሪያ የሱቅ ጽሑፍ ፍለጋ አያለሁ። ከዚያ ባጃጅ ታልፋለች፣ ታርጋዋ «አማ» ይሁን «ኦሮ» ለማየት አቆማታለሁ፣ አልነበብ ትለኛለች። ከዚያ ጥላውን፣ እውነት ጠዋት ነው ወይ ብዬ። ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ ድምፁን ብቻ፣ በምን ቋንቋ ነው የሚያወሩት ብዬ። ከካሜራው ኋላ አንዲት ሴት ታለቅሳለች። ለቅሶ ደግሞ በምን ቋንቋ እንደሆነ አይለይም። ሃያ ጊዜ ሳልሰማት አልቀርም።

በመጨረሻ ተገኘ። የኛ አገር አይደለም፣ ከሦስት ዓመት በፊት ዩቲዩብ ላይ የተጫነ ነው። ግሩፑ ላይ «ፌክ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ኤዲተሬ አውራ ጣት ላከ። ደስ አለኝ፣ ማኪያቶ ሁሉ አዘዝኩ። ማኪያቶው ሲቀርብ ነው የገባኝ። ፌክ የሆነው ከላዩ የተጻፈው ነው እንጂ ሰውዬው ሞቷል። ሴትየዋም አልቅሳለች። እኛ ዘንድ ስላልሆነ ዜና አይደለም፣ ስሙን የሚጠይቅ የለም፣ እኔ ግን የጫማውን ቀለም ሳይቀር አውቀዋለሁ።

የተገላቢጦሹም አለ። አንድ ቀን ፍርስራሽ ውስጥ የተቀመጠች ሕፃን ፎቶ አይቼ እንባ ተናነቀኝ። በኤአይ የተሠራች ሆና ተገኘች። ተናደድኩ። በማግስቱ የእውነቱ ሲመጣ ምንም አልተሰማኝም። ይኼኛው ነው የሚያስፈራኝ።

አንቶኒ ፋይንስታይን የሚባል የካናዳ የሥነ አእምሮ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በ2014 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጥናት አለ። ከሕዝብ የሚላኩ ዘግናኝ ምስሎችን ዜና ክፍል ቁጭ ብለው የሚያዩ 116 ጋዜጠኞችን ነው ያጠኑት። የበለጠ የሚጎዳው ለረጅም ሰዓት ማየቱ ሳይሆን ቶሎ ቶሎ መመላለሱ ሆኖ ተገኘ። ናይሮቢ ውስጥ ለፌስቡክ ይዘት ሲያጣሩ የነበሩት፣ አማርኛ የሚያነቡ የኛ ልጆችም ያሉባቸው፣ ፍርድ ቤት ሄደው የለ? በ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በተሰማው የሐኪም ማስረጃ ከ140 በላይ የሚሆኑት ከአሰቃቂ ነገር በኋላ የሚመጣው የአእምሮ ጭንቀት ተገኝቶባቸዋል። ይኼ የደረሰባቸው ጦር ግንባር ሄደው አይደለም፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው።

እኛ ጋ «አይዞህ፣ ትለምደዋለህ» ነው። እንቅልፍ እንቢ አለኝ ስለው ኤዲተሬ «ስልክህን ሌላ ክፍል አስቀምጠህ ተኛ» አለኝ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ የሚደውልልኝም እሱ ነው።

በየካቲት 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ የተዘጉ ጊዜ እንደ ሌላው ሁሉ ተናድጄ ቪፒኤን ስፈልግ ነበር። ግን የሚያሳፍር ነገር ልንገራችሁ፤ ቪፒኤኑ አልሠራ ያለ ቀን እንደ ሕፃን ተኛሁ።

አሁን በራሴ የዘየድኩት አለ። ምስሉን ሳይ ድምፁን እዘጋለሁ፣ መስኮቱንም አሳንሳለሁ። ድምፁን መስማት የግድ ሲሆን ምስሉን እሸፍናለሁ። ሁለቱን አንድ ላይ አልወስድም። ከመተኛቴ በፊት ደግሞ ጭራሽ።

ጡረታ የወጡ፣ ጋሼ የምላቸው የሬዲዮ ሰው አሉ። በሪል ዘመን ቴፑን በምላጭ እየቆረጡ ይቀጥሉ ነበር። የማይተላለፈው ቁራጭ ወለሉ ላይ ይወድቃል፣ ማታ የፅዳት ሠራተኛዋ ጠርጋ ትወስደዋለች። «ያንተን ማን ነው የሚጠርገው?» አሉኝ። ዝም አልኩ። ሁሉም ስልኬ ውስጥ ነው፣ ከቤተሰብ ፎቶ ጋር ተቀላቅሎ።

እህቴ የዚያን ቀን «ማንን መሰለችህ?» ብላ ጻፈችልኝ። ጣቷን እንጂ ፊቷን መች አየሁት። ጋለሪዬን ከፈትኩ። ከሰውዬው ሁለት ፎቶ ወዲህ ነች። አገጯ የእናታችን ነው።