የአባባ ቀለበት

ዛሬ ከነጋ ጀምሮ ሆዴ ባር ባር ሲለኝ ነው የዋለው፣ ምክንያቱን እኔም አላውቀውም፣ ክረምቱ ይሁን ወይ ሌላ። ከሰዓት የአባባን ቀለበት ይዤ ወርቅ ቤት ሄድኩ፣ በጣቴ ልክ ጠበብ እንዲያደርግልኝ። ሰውየው ቆርጦ በየደውና የተረፈችውን ቁራጭ ሚዛን ላይ ጣል አደረጋት፣ 0.6 ግራም። በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። የምስር ፍሬ ብታክል ነው።

ታክሲ ውስጥ እሷን እያገላበጥኩ ይቺ ከየት መጣች አልኩ። ኮከብ ሆዱ ውስጥ ቀላል አተሞችን እያዋሃደ ጉልበት የሚያገኘው እስከ ብረት ድረስ ነው፣ አተሙ እምብርት ውስጥ 26 ፕሮቶን ያለው፣ ከዛ ወዲያ ማዋሃድ ጉልበት ይበላል እንጂ አይሰጥም። ወርቅ ደግሞ 79 ነው! ነሐሴ 11 ቀን 2009፣ በፈረንጅ 2017 መሆኑ ነው፣ ሁለት የኒውትሮን ኮከቦች ሲጋጩ ተሰማ፣ እያንዳንዳቸው ከፀሐይ የሚከብዱ ግን ስፋታቸው ከአንድ ከተማ የማይበልጥ፣ 130 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ፣ ከብርሃኑም ከባድ ንጥረ ነገሮች እዛ እንደሚወለዱ ታወቀ።

ዩራኒየም ደግሞ አለ፣ 92፣ ከወርቅም የሚከብድ። ምድር ቀልጣ በነበረችበት ዘመን አብዛኛው ወርቅ ከብረቱ ጋር ወደ መሀሏ ሰመጠ፣ ዩራኒየም ግን ከኦክስጅን ጋር ስለሚጣበቅ ከድንጋዩ ጋር ላይ ቀረ። የከበደው ላይ ቀረ፣ ባሰብኩት ቁጥር ይደንቀኛል። ደግሞ አብዛኛው ዩራኒየም 238 የሚባለው ነው፣ ግማሹ ወደ እርሳስ ለመለወጥ 4.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ይፈጅበታል፣ የምድርም ዕድሜ እዛው አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ስትወለድ ከያዘችው ግማሹ ሄዷል ግማሹ አሁንም ከእግራችን ስር ሆኖ ያሞቃታል።

እኔን የያዘኝ ግን ይሄ ነው፣ አንድ ድንጋይ ውስጥ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት የዩራኒየም አተሞች በምንም አይለያዩም፣ አንዱ ዛሬ ማታ ይፈርሳል ሌላው ቢሊዮን ዓመት ይቀመጣል። ስንቱ እንደሚሄድ በስሌት ይታወቃል፣ የትኛው እንደሚሄድ ግን ማንም አያውቅም።

ማታ ስገባ ጋሼ በር ላይ ቆመው ነበር። ከአባባ ጋር እኩያ ናቸው፣ አንድ ግቢ ነው ያደጉት። ቀለበቱን ሲያዩ እጄን ያዙና ዝም አሉ፣ እጃቸው ይሞቃል።

ለምን እሱ ቀደመ?