ከጋሼ ሣጥን የወጡት፦ የድሮ ጥይትና ቀለህ እንዴት እንደለየሁ

የድሮ የጦር ዕቃ መለየት የሚጀምረው በማንሳት አይደለም። እጅን ሰብስቦ በማየት ነው። ይህን የምለው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ የሚኖሩ አንድ የቤተሰባችን ሽማግሌ ያጠራቀሙትን ዕቃ ስመዘግብ ካየሁት ተነስቼ ነው።

ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። አያታቸው አድዋ ዘምተዋል። አባታቸው ደግሞ ጎጃም ውስጥ ጣሊያንን የተዋጉ አርበኛ ነበሩ። ከሁለቱ የተረፈውን፣ ገበሬ ሲያርስ ያገኘውን፣ ሰው ከዘጌ ያመጣላቸውን፣ ሁሉንም በአንድ የእንጨት ሣጥን አስቀምጠዋል። ልጆቻቸው የቱ ምን እንደሆነ በጽሑፍ እንዲቀር ፈለጉ። የታሪክ ነገር ስለምወድ ሥራው ለእኔ ደረሰ።

መጀመሪያ ክዳኑን ከፍተን፣ ምንም ሳንነካ፣ ከላይ የሚታየውን በስልክ አነሳሁ። ከዚያ በዓይን ለየሁ። አፉ ክፍት ሆኖ ውስጡ ባዶነቱ የሚታይ ቀለህ፣ ማለትም ጥይት ከተተኮሰ በኋላ የሚቀረው ቅርፊት፣ አንድ ወገን። ጫፉ ላይ ያለው አረር ያልወጣ ጥይት ሌላ ወገን። ምንነቱ ያልገባኝ ሁሉ ከአረር ካለበት ጋር ተቆጠረ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ጥይቱ ቂጥ ላይ የጠመንጃው መርፌ የመታው ጎድጓዳ ምልክት ካለ «ይቺ ተተኩሳለች፣ አትጎዳም» ይባላል። አረሩ ከቦታው ካልተነቃነቀ ግን ጥይቱ ከሽፏል ማለት እንጂ ሞቷል ማለት አይደለም። ባሩዱ ውስጡ ነው። እንዲህ ያሉትን በነበሩበት ተውኳቸው።

ሥራዬ የነበረው ባዶዎቹ ላይ ነው። ቶርኖ ቤት ከሚሠራ ጓደኛዬ ካሊፐር የሚባለውን የስፋት መለኪያ ተዋስኩ። ማግኔትም ያዝኩ፤ ናስ በማግኔት አይሳብም፣ ብረት ይሳባል። ቂጡ ላይ የተመታውን ጽሑፍ ለማንበብ የስልክ መብራት ከፊት ሳይሆን ከጎን ማብራት ይሻላል። የደበዘዘ ፊደል በጥላው ይወጣል። እንቢ ካለ ስስ ወረቀት አልብሶ በእርሳስ ማሸት ነው።

አብዛኞቹ የጣሊያን ነበሩ። የካርካኖ ጠመንጃ ቀለህ አፉ 6.5 ሚሊሜትር ነው፣ ቂጡም ከገላው አይሰፋም። «ኤስ ኤም አይ» ወይም «ቢ ፒ ዲ» የሚሉት ፊደላት የጣሊያን ጥይት ፋብሪካዎች ምልክት ናቸው። የእንግሊዙ ደግሞ 7.7 ሚሊሜትር ሆኖ ቂጡ ከንፈር አውጥቷል። አንዱ ላይ «ኬ ኤፍ» ይላል። ይህ ሕንድ አገር፣ ኪርኪ ያለው ፋብሪካ ነው። ጃንሆይ ጥር 1933 በኦሜድላ ሲገቡ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ስለነበር፣ የሕንድ ቀለህ ጎጃም ውስጥ መገኘቱ አያስገርምም።

ዓመተ ምሕረቱ ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። ቀለህ ላይ የሚመታው የፈረንጅ ዘመን ነው፣ አንዳንዴም አጥሮ «936» ብቻ ይላል። 1936 ማለት ነው፤ በእኛ 1928 ወይም 1929። በተቃራኒው «28» የሚል ሲያይ «ጣሊያን የገባበት ዓመት ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። የፈረንጅ 1928 ግን ከወረራው ሰባት ዓመት ገደማ ይቀድማል። ጠመንጃ ላይ ከዓመቱ ጎን የሮማ ቁጥር ካለ ያ የፋሺስቶቹ የራሳቸው አቆጣጠር ነው፤ ከጥቅምት 1922 እንደ ፈረንጅ ይጀምራል።

ጋሼ በጣም የሚወዱት አንድ ትልቅ የናስ ቀለህ ነው። ሳሎን ውስጥ አበባ ይቀመጥበት ነበር። «አያቴ ከአድዋ ያመጣው» ይላሉ። አፉን ለካሁት፣ ወደ 65 ሚሊሜትር። ቂጡ ላይ 1917 ይላል። ጣሊያኖች መድፋቸውን በሁለት ቁጥር ነው የሚጠሩት። የመጀመሪያው የአፉ ስፋት ነው፤ ሁለተኛው የአፈሙዙ ርዝመት የስፋቱ ስንት እጥፍ እንደሆነ ይናገራል። 65/17 የተባለው የተራራ መድፍ በፈረንጅ 1913 ሥራ ላይ የዋለ ነው። ተፈታትቶ በበቅሎ ይጫናል፣ በአምስቱ ዓመት ወረራም እዚህ አገር ተተኩሷል። አድዋ ደግሞ በእኛ 1888፣ በፈረንጅ 1896 ነው። እንዴት ልንገራቸው? ብዙ አሰብኩበት።

«ጋሼ፣ ይህ የአያትዎ አይመስለኝም። የአባትዎ ነው» አልኳቸው። ጽሑፉን በወረቀት አሽቼ አሳየኋቸው። ዝም ብለው ቆዩና «እንግዲያው አባቴም መድፍ ማርኳል በለኛ» አሉ። መማረኩን ቀለሁ አይናገርም፤ የእሳቸውን ቃል ግን እንዳለ ጻፍኩት። ለአድዋ ዘመን የሚስማማው ሌላ ነበር፤ ከታች የተጣለ 11 ሚሊሜትር ወፍራም የውጅግራ፣ የፈረንሳዩ ግራስ ጠመንጃ፣ ቀለህ። ውጅግራ በእኛ 1928ም በብዙ ዘማች ትከሻ ላይ ስለነበር «ሊሆን ይችላል» ብዬ ብቻ መዘገብኩ።

ከሣጥኑ ሥር፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ጫፉ ታየን። ቀይ ቀለሙ የተላጠ፣ መዳፍ የምትሞላ የአልሙኒየም ቆርቆሮ። ጣሊያኖች ሞዴል 35 የሚሏቸው የእጅ ቦምቦች ቀይ ናቸው፣ የሚፈነዱትም መሬት ሲመቱ ነው። ከሽፋ የቀረች ቦምብ ደግሞ ስንት ዓመት ብትቆይም አትታመንም። ሣጥኑን አልገፋነውም፣ ክዳኑንም አልዘጋነውም። ልጆቹን ከጎረቤት ጭምር አስወጥተን ፖሊስ ጠራን። የፈንጂ ባለሙያዎች መጥተው እሷንም አረር ያለባቸውን ጥይቶችም ወሰዱ። ጋሼ ከፍቷቸው ነበር። እኔ ግን እነዚያ የልጅ ልጆች በዚያ ሣጥን ላይ ተቀምጠው ሲያጠኑ ማየቴን አልረሳም። እንዲህ ያለ ነገር ቤቱ ያለ ሰው ጀልባ ላይም ባጃጅ ላይም ጭኖ ወደ ጣቢያ እንዳይሄድ እለምናለሁ። ይደውል፣ እነሱ ይምጡ።

ለቀሩት ባዶ ቀለሆች አንድ ነገር አስቸግሬ አስቆምኩ። በሎሚና በአመድ መወልወሉን። ያበራል፣ እውነት ነው፤ ግን ፊደሉንም የቀለም ምልክቱንም አብሮ ይልጠዋል። የጣና እርጥበት ናስን አረንጓዴ ስለሚያደርግ በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ፣ ከመሬት ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ይበቃል።

መዝገቡ አሁን ትልቋ ልጃቸው ጋ ነው። እያንዳንዱ ቀለህ ፎቶው፣ ልኩና የተመታበት ጽሑፍ በአንድ ዓምድ፣ ጋሼ ስለሱ የተናገሩት በሌላ ዓምድ ሰፍሯል። ሁለቱ ዓምዶች የማይስማሙበትም ቦታ አለ። አንዱንም አልሰረዝኩም።