የፕላስቲክ ራስ አያመውም

ሰው አፍ ውስጥ ከመግባታችን በፊት ራጅ ማንሳት የተለማመድነው በፕላስቲክ ራስ ላይ ነው። ክፈት ሲሉት ይከፍታል፣ አያቅለሸልሸውም፣ ምራቅ የለውም። ሙሉውን 18 ምስል አንስቼ ስጨርስ "ይሄማ ቀላል ነው" ብዬ ነበር። አፌን በቆረጠው!

ዲሲ አካባቢ የጥርስ ሃይጅን (የጥርስ ጽዳትና እንክብካቤ ሙያ) ስማር ለፈተና ታካሚ የምናመጣው ራሳችን ነበርን። እኔም ቤተ ክርስቲያን የማውቃቸውን እናት ለመንኳቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ።

ከፊት ጥርስ ጀመርኩ፤ ቶሎ ስለማያቅለሸልሽ ነው። አንዱ ላይ ጨረሩ የሚወጣበትን ቱቦ ከማነጣጠሪያው ቀለበት ጋር በደንብ ሳላገጥም ቁልፉን ተጫንኩና የምስሉ ጥግ እንደ ግማሽ ጨረቃ ነጭ ሆኖ ቀረ። ጎን ላይ ደግሞ አግድም አንግሉን ስቼ ጥርሶቹ ተደራረቡብኝ። በጥርስና በጥርስ መሃል ያለ ጉድጓድ የሚታየው ጨረሩ በመሃላቸው ቀጥ ብሎ ሲያልፍ ነው፤ ከተደራረቡ ምስሉ ለምንም አይሆን። መድገም ደግሞ ጨረር መጨመር ነው። ትንሽም ብትሆን በእኔ ጥፋት የምትጨመር ናት፤ ስለዚህ መምህሯን ሳናስፈቅድ አንደግምም ነበር።

የታችኛው መንጋጋ ላይ ደረስኩ። አፍ ውስጥ ገብቶ ምስሉን የሚቀበለው የዲጂታሉ ሴንሰር እንደ ድሮው ፊልም አይለመጥም፤ ወፍራምና ደረቅ ነው።

"እማማ፣ አመመዎት?"

"ኧረ ምንም አይል ልጄ፣ ቀጥይ።"

ቀጠልኩ። የጥርሱ ሥር ጫፍ ተቆርጦ ወጣ። የሴንሰሩን መያዣ ነክሰው አልገጠሙትም ማለት ነው። "ጠበቅ አድርገው ይንከሱልኝ" ልላቸው አሰብኩና ለመድገም መምህሯን ጠራኋት።

መምህሯ ስክሪኑን አላየችም። ያየችው እጃቸውን ነው። የነጠላቸውን ጫፍ ጥፍራቸው እስኪነጣ ጨብጠውታል።

"በጣትሽ ዳብሺ" አለችኝ።

ከምላሳቸው ሥር፣ ግራና ቀኝ፣ ሽምብራ የሚያካክሉ የአጥንት እብጠቶች። ቶራይ ይባላሉ። በሽታ አይደሉም፤ ግን ላያቸው ላይ ያለው ሥጋ ስስ ስለሆነ ደረቅ ነገር ሲያርፍባቸው ያማል። እኔ ሴንሰሩን የተከልኩት በቀጥታ እላያቸው ላይ ነው። የሚያናድደው፣ ይህንን የጽሑፍ ፈተና ላይ በትክክል መልሼዋለሁ! አፋቸውን ግን ሳልዳብስ ነው የጀመርኩት።

መምህሯ ሴንሰሩን በእብጠቱና በምላሱ መሃል ሸጎጥ አደረገችው። ነከሱ። የሥሩ ጫፍ ከነዙሪያው ቁልጭ ብሎ ወጣ።

ዛሬ ክሊኒክ ውስጥ የእኛን ሰው ሳገኝ "አመመዎት?" ብዬ አልጠይቅም፤ መልሱን አውቀዋለሁ። "የትኛው ጋ ነው የቆረቆረዎት?" እላለሁ፤ ዓይኔ እጃቸው ላይ ነው።

ያን ቀን ስንወጣ "እማማ፣ ምነው ዝም አሉኝ?" አልኳቸው።

ጉንጫቸውን እያሹ፣ "ታዲያ በፈተናሽ ቀን ልጩህብሽ?"