ሐምሌ ተከልን፣ ግንቦት ቆጠርን

ችግኙን በሁለት ጣቴ ያዝኩና ሳብ አደረግሁት። ወጣ። ከነጥቁር ፕላስቲኩ ነው የወጣው። ሥሩ ፕላስቲኩ ውስጥ ዞሮ ዞሮ ደርቋል። የተከለው ሰው ፕላስቲኩን ሳይቀድ ነው ጉድጓድ ውስጥ የከተተው። ቀጥሎ ያለውን ሳብኩ፤ እሱም እንደዚያው። አብሮኝ የነበረው የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ፊቱን ወደ ገደሉ አዞረ። «የዘመቻ ቀን ነው የተተከለው፤ ሰዉ ብዙ ነበር» አለ።

ግንቦት 2012 ነው። ኮሮና የገባበት ሰሞን ስለሆነ ሁለታችንም ማስካችንን አገጫችን ላይ አድርገናል። ያ ተዳፋት በእኔ ሪፖርት ላይ «መቶ በመቶ» የተባለ ቦታ ነው። ቁጥሩን ኤክሴል ላይ ያስገባሁት ደግሞ እኔው ነኝ።

ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቅ አንድ ደጋ ወረዳ፣ የዕቅድና ክትትል ባለሙያ ነበርኩ። የወረዳውን ስም አልጠራም። ጥፋቱ የአንድ ሰው አልነበረም፤ እኔም ድርሻዬን አንስቻለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከኮታ ነው። ክልል ለዞን ይሰጣል፣ ዞን ለወረዳ፣ ወረዳ ለቀበሌ። ሰሜን ሸዋ ደግሞ አንድ ዞን ይባል እንጂ አንድ አገር አይደለም። ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው፤ ማሾና ሽንኩርት ይመረትበታል። ከዚያ ደብረ ሲናን አልፈህ ጣርማበር ስትወጣ ከ3,000 ሜትር በላይ ነህ፤ ጋቢ ሳትደርብ አትውልም። ለሁለቱም የሚመጣው የዕቅድ ሰንጠረዥ ግን አንድ ነው። «የተተከለ ችግኝ በቁጥር፣ የተሠራ እርከን በኪሎ ሜትር፣ የተሰራጨ ምድጃ በቁጥር።» አለቀ።

ከዚህም የባሰው የቀን መቁጠሪያው ነው። ይህን ለማስተዋል ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ እስካሁን ያሳፍረኛል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያልቃል። ተከላው ክረምት ነው። ስለዚህ ሐምሌ የተተከለው ችግኝ በመጀመሪያው ሩብ ዓመት ሪፖርት ላይ «ክንውን» ሆኖ ይመዘገባል፤ ፋይሉም ይዘጋል። ውርጩ የሚመጣው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። አዝመራ ሲነሳ ከብቱ ልቅ ይለቀቃል። በጋው ይረዝማል። ችግኙ የሚሞተው ያኔ ነው፤ ያኔ ግን ስለ ችግኝ የሚጠይቅ ቅጽ የለም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአገር አቀፍ ደረጃ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ሲባል እኛም በዝናብ ስንቦካ ነው የዋልነው። ደስ ብሎን ነበር፤ አልዋሽም። ቢሮ ውስጥ ግን የቆየ ቀልድ አለ፦ የእስከዛሬው ሪፖርት እውነት ቢሆን ኖሮ ለገብስ የሚሆን መሬት ባልተረፈ።

እና በዚያው በ2012 ለወረዳው ምክር ቤት የሚቀርብ «የአየር ንብረት ለውጥ ዕቅድ» አዘጋጂ ተባልኩ።

መጀመሪያ ያደረግሁት ማንም የሚያደርገውን ነው፤ ገለበጥኩ። የአገሪቱ የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የአገሪቱ የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀት 150 ሚሊዮን ቶን አካባቢ ነበር፤ እንዲሁ ከቀጠለ በ2030 ወደ 400 ሚሊዮን ይደርሳል፤ ግቡ እዚያው 150 ላይ ማቆየት ነው ይላል። እነዚህን ቁጥሮች መግቢያው ላይ ደረደርኩ። ከዚያ ከሌላ ሰነድ «የቢሮ ተሽከርካሪ ጉዞን መቀነስ፣ ወረቀት መቆጠብ» የሚል ጨመርኩ። ዶክመንቱ ያምራል። ሽፋኑ ላይ ቅጠል አለው።

አንድ ማታ ግን ሒሳቡን ልሞክረው ብዬ ተቀመጥኩ። ሒሳቡ የሚመስለውን ያህል ከባድ አይደለም። አንድን ነገር ምን ያህል እንዳለህ ትቆጥራለህ፤ ያ ነገር በአንድ የሚለቀውን ታባዛለህ። የመንግሥታቱ ድርጅት የአየር ንብረት ፓነል እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መመሪያ የወተት ላም ላልሆነ የአፍሪካ ከብት በዓመት 31 ኪሎ ግራም ሚቴን የተባለ ጋዝ ይላል፤ ከብቱ በግሳት የሚያወጣው ነው። ሚቴን በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያሞቃል። ሲባዛ በአንድ በሬ 868 ኪሎ መጣ። አንድ ጥማድ በሬ 1.7 ቶን። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ገደማ ይለቃል፤ ስለዚህ አንድ ጥማድ በዓመት ወደ 650 ሊትር ናፍጣ ያህላል ማለት ነው። የወረዳችንን ጥማድ አስበው፤ ከዚያ ግቢያችን ውስጥ ግማሾቹ በጎማ እጦት የቆሙትን ፒካፖች አስብ። እኔ ዕቅዴን የጻፍኩት ለፒካፖቹ ነበር።

ጠዋት ይህንን ለአለቃዬ ሳሳየው ሳቀ። «ታዲያ ገበሬውን በሬህን ሽጥ ልትይው ነው?» አለኝ። አይደለም። በሬውማ ያርሳል። ግን ችግሩ ያለበትን ቦታ ካላወቅን መኖና የእንስሳት ጤና ዕቅዱ ውስጥ አይገቡም፤ ጥቂት በደንብ የተመገበ ከብት ይሻላል የሚለው ወሬም ሳይነሳ ይቀራል። ከዚያ ሒሳብ የተማርኩት ሌላም ነገር አለ። የልቀት ስሌት ወዴት ማየት እንዳለብህ ይነግርሃል እንጂ ዓመት በዓመት መሥራትህን አይለካልህም። የከብቱ ቁጥር ራሱ ግምት ነው፤ ግምቱ ሲቀየር ልቀቱ «ቀነሰ» ይልልሃል።

ሌሎች አገሮች ያሉ ምክር ቤቶች ምን እንደሚያደርጉ ያነበብኩትም በዚሁ ሰበብ ነው። እንግሊዝ ውስጥ የብሪስቶል ከተማ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. ኅዳር 2018 የአየር ንብረት አስቸኳይ ሁኔታ አወጀ፤ ብዙዎች ተከተሉት። ኋላ ላይ ክላይሜት ኢመርጀንሲ ዩኬ የሚባል ቡድን በጎ ፈቃደኞችን አሠልጥኖ ለአገሩ ምክር ቤቶች ነጥብ መስጠት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2022 ነጥብ የሰጠው ለጻፉት ዕቅድ ነበር። በ2023 ደግሞ ለሠሩት ሥራ። ሁለቱን ለየብቻ ማየታቸው ነው ደስ ያለኝ። የእነሱ መስፈርት ስለ አውቶብስና ስለ ቤት ማሞቂያ ነው፤ ለእኛ ደጋ አይሆንም።

ለእኛ የሚሆነውን ያገኘሁት አንዲት እናት ቤት ነው። በሪፖርታችን ያ ቀበሌ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ «ተሰራጭቶለታል»። ደጋችን ላይ እንጨት የለም፤ ሰው የሚያነደው ኩበት ነው። እርሻ ላይ መበተን የነበረበት ፍግ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይደርቅና ምጣድ ሥር ይገባል። «ነይ ግቢ ልጄ» አሉኝ። ጢሱ ዓይኔን አቃጠለኝ። ምድጃው ጥግ ላይ አለ፤ ውስጡ ጭድ ተነጥፎ ዶሮ ታቅፋበታለች። ምነው እማማ ብዬ ጠየቅኋቸው። «አፉ ጠባብ ነው፤ ኩበት አይጎርስም። አመዱም ቶሎ ይሞላል። ዶሮዋ ግን ወዳዋለች» አሉኝ። ሳቅን። ቢሮ ስገባ «የተሰራጨ ምድጃ» የሚለውን ረድፍ ሰርዤ «በጉብኝት ቀን ሲነድ የተገኘ ምድጃ» ብዬ ጻፍኩ።

ምንጩንም እንደዚያው አደረግን። «የለማ ተፋሰስ በሄክታር» የሚለው ለእናቶች ምንም አይነግራቸውም። ሚያዝያ ላይ ውኃው በቀጠነበት ጊዜ ምንጭ ዳር ሄደን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ በስልክ ሰዓት መያዝ ጀመርን። ይህን ማንም ይገባዋል። ምክር ቤት ላይ ስለ ሄክታር ሳወራ ያንቀላፉ የነበሩ አባል ጀሪካኑ ሲነሳ ቀና ብለው «የእኛስ ቀበሌ ስንት ደቂቃ ሆነ?» አሉኝ።

ችግኙን ደግሞ በገመድ። 5 ሜትር ከ64 ሳንቲም ገመድ ትቆርጣለህ፤ አንዱን ጫፍ ካስማ ላይ ታስራለህ፤ ሌላውን ይዘህ ትዞራለህ። ያ ክብ 100 ካሬ ሜትር ነው። ክቡ ውስጥ ያለውን ጉድጓድ ትቆጥራለህ፤ ከዚያ የጸደቀውን። ዘዴው ቀላል ነው፤ ከባዱ ካስማው የት ይተከል የሚለው ነው። መጀመሪያ ምርጫውን ለቀበሌዎች ትቼው ነበር። ሁሉም ወደ መንገድ ዳር፣ ጠባቂ ወዳለበት፣ አለቃ ወደተከለበት ይወስዱኛል። በኋላ ቦታዎቹን ቁጥር ሰጥተን በባርኔጣ ዕጣ አወጣን። ገደል ሲወጣብን ገደል ወረድን። ጫማዬ አለቀ።

ቆጠራው ሦስት ጊዜ ነው፦ መስከረም፣ ጥር፣ ግንቦት። ሦስት የሆነበት ምክንያት አለው። መስከረም ላይ የሞተው ባብዛኛው በአተካከል ጥፋት የሞተ ነው፤ ጥር ላይ የሞተው ውርጭ የመታው ነው፤ ከዚያ ወዲህ የሞተውን ደግሞ ወይ ድርቅ ወይ ከብት ነው የገደለው። አንድ ጊዜ ብቻ ብትቆጥር ሬሳውን ታያለህ እንጂ ገዳዩን አታውቅም። የእኛ ትልቁ ችግር ዝናብ ነው ብለን ስንምል ነበር። ጥርና ግንቦትን ሳስተያይ ግን ብዙ ቦታ ላይ ከብት ሆኖ ተገኘ። ያ ደግሞ በችግኝ ብዛት ሳይሆን በግጦሽ ሕግ የሚፈታ ነው።

ስለ ግጦሽ ሕግ ከመንዝ ሰው በላይ የሚያውቅ የለም። የመንዝን የጓሳ ሣር ሜዳ ያየ ያውቀዋል። ቄሮ በሚባለው ሥርዓት የአካባቢው ሕዝብ ሣሩን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲጠብቅ ኖሯል። መሪው አባ ቄራ ይባል ነበር። ቦታውን ይዘጉት ነበር፤ ሦስትም አምስትም ዓመት ሊዘጋ ይችል ነበር፤ ሣሩ ሲደርስ ይከፈታል። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያ ሥርዓት ፈረሰ፤ በኋላ ማኅበረሰቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ መልሶ አቆመው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳው እስካሁን እዚያ አሉ። መሃል ሜዳ ለሥልጠና የሄድን ጊዜ አንድ ሽማግሌ ሲያወሩ የገባኝ ነገር አለ፦ የሚከፈተው ዓመቱ ስለሞላ ሳይሆን ሣሩ ስለደረሰ ነው። እኔ እኮ ለዚህ ነገር «የውጤት አመልካች» የሚል የሦስት ቀን ሥልጠና ወስጄ ነበር፤ ከነአበሉ።

አዲሱ ሪፖርት ምክር ቤት የቀረበ ቀን አልተጨበጨበልኝም። «መቶ በመቶ» የነበረው ረድፍ ወርዶ ሲታይ አዳራሹ ዝም አለ። አንድ ኃላፊ ሻይ ሰዓት ላይ ጠጋ ብሎ «ሌላው ወረዳ መቶ እያለ እኛን ለምን ታስመቺናለሽ?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አስመትቻለሁ። በዚያ ዓመት የዞን ግምገማ ደረጃችን ወረደ። ብቻዬን እውነት ይዤ ከመቅረብ ይልቅ አስቀድሜ ከዞኑ ባለሙያ ጋር መነጋገርና «አሮጌው ቁጥር ይኸው፤ አዲሱም ይኸው» ብዬ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነበረብኝ። በዓመቱ እንደዚያ አደረግሁ፤ ጭቅጭቁ ቀነሰ። አመልካቾቹንም ከ34 ወደ አምስት አወረድኳቸው። 34ቱን የሚሞላው ያው አንድ የቀበሌ ባለሙያ ነው፤ ሲደክመው ቁጭ ብሎ ይፈጥራቸዋል። እኔም ብሆን እፈጥራቸው ነበር።

ግንቦት 2013 ወደዚያው ተዳፋት ተመለስን። አምና ፕላስቲክ የነቀልኩበት ቦታ በድጋሚ ተተክሎ ነበር። ካስማውን ተከልኩ፤ ባለሙያው ገመዱን ይዞ ዞረ። ክቡ ውስጥ 22 ጉድጓድ፤ ዘጠኝ የጸደቀ። ደብተሬ ላይ እየጻፍኩ ሳለ ከላይ ማሳ ላይ የነበሩ አንድ አባት ወረዱ። ዱላቸውን ወደ አንድ ኮሶ ቀሰሩ። ዙሪያውን በእሾህ ታጥሯል፤ ሥሩ ላይ ውኃ የጠጣ አፈር አለ። ቁመቱ ወገባቸው ይደርሳል።

«ይኼን ጻፊው።»

ገመዱን ወጥረን ለካን። አንድ ክንድ አጠረው።

«አባባ፣ ከክቡ ውጪ ሆነ እኮ፤ አይቆጠርም።»

«እኔ አጥሬ፣ ውኃ ተሸክሜ ያቆምኩትን ትተሽ የሞተውን ልትቆጥሪ?» አሉና ካስማውን አዩት። «እስቲ ይችን እንጨት ትንሽ ወዲህ አርጊያት።»

አላደረግሁም። ኮሶውን ግን ኅዳጉ ላይ ጻፍኩት።