ለጎንደር የሚሆን ኮንሶል

ቴሌቪዥን ላይ ተሰክቶ ጌም የሚያጫውተው የኮንሶል ክርክር ሲነሳ ወሬው ቶሎ ብሎ ወደ ምስል ጥራት ይሄዳል። ጎንደር ላይ ሆኜ ሳስበው ግን የምስል ጥራት የመጨረሻው ጥያቄ ነው። መጀመሪያ መታየት ያለበት መብራት ድንገት ድርግም ሲል ዕቃው ምን ይሆናል፣ ያለ ኢንተርኔትስ ያጫውታል ወይ የሚለው ነው። በዚህ ሚዛን ከፕሌይስቴሽን 4 ስሊም የሚበልጥብኝ የለም። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ሲዲውን አስገብቶ መጫወት ነው፤ ኔትወርክ ኖረም አልኖረም። ሲዲ ደግሞ ይዋሳል፣ ይለወጣል፣ ሲሰለች ይሸጣል። ፕሌይስቴሽን 5 በጉልበት እንደሚበልጥ አልክድም፤ ነገር ግን ሲዲ ማስገቢያ የሌለው ዲጂታሉ ለአንድ ጌም አንዳንዴ ከ100 ጊጋባይት በላይ አውርድ ይላል። ይህን በሞባይል ዳታ መሞከር ከንቱ ድካም ነው።

ብዙ ሰው ለፕሌይስቴሽን ብሎ ስታቢላይዘር (የቮልት ማስተካከያ) ይገዛል። እኔ አልስማማም። የፕሌይስቴሽን 4 ፓወር ሰፕላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል፤ መብራት ቢደክም እሱ ግድ የለውም። የሚጎዳው ሃርድ ዲስኩ እየጻፈ ሳለ መብራት መሄዱ፣ ሲመለስም ከልክ በላይ ሆኖ መምጣቱ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ካለ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ፣ ይሻላል። ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የ12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ይገኛል። ኮንሶሉና ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥን አንድ ላይ 130 ዋት ያህል ቢወስዱ፣ ባትሪው ካላረጀ ሩብ ሰዓት ያህል ያቆያል። ግማሹን ጨዋታ ጨርሶ፣ ሴቭ አድርጎ፣ በወጉ ለማጥፋት ይበቃል። ዩፒኤስ ለሌለው መብራት እንደሄደ ሶኬቱን መንቀል፣ ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ ታግሶ መሰካት ነው።

ኮንሶሉ ድንገት ጠፍቶ ሲነሳ ጌሞቹ አልታይ ካሉ ወይም ነገሩ ሁሉ ከተንቀረፈፈ፣ ወዲያው ፎርማት ይደረግ የሚለውን ምክር አልወደውም። ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ሁለተኛው ቢፕ እስኪሰማ ለ7 ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝ፣ ጆይስቲኩን በገመድ ማገናኘት፣ ከሚመጣው ዝርዝር 5ኛውን መምረጥ። ይህ የሃርድ ዲስኩን ማውጫ እንደ አዲስ ያደራጃል እንጂ ጌምም ሴቭም አይነካም። 6ኛውና 7ኛው ግን ሁሉንም ጠርገው ያጠፋሉ። ጆይስቲኩ አልታወቅ ካለ ገመዱን መቀየር ነው፤ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ገመድ ዳታ አያስተላልፍም።

ከእግር ኳስ ጌሞቹ ከፊፋና ከፔስ ልቤ ያለው ፔስ ላይ ነው። ፊፋ የክለብ ስሙም ማሊያውም የተሟላ ነው፤ ፔስ ላይ ግን ኳሱ የራሱ ክብደት አለው። ሰውነቱን ሳያስተካክል የመታ ተጫዋች ይስታል፣ መሳቱም ተገቢ ሆኖ ይሰማኛል። ፔስ 2017 ላይ ማንቼ «ማን ሬድ»፣ ቼልሲ «ለንደን ኤፍሲ» ተብለው መምጣታቸው የሚያናድደው ሰው ብዙ ነው። መፍትሔ አለው፤ ትክክለኛውን ስምና ማሊያ የያዘውን ኦፕሽን ፋይል ፍላሽ ላይ፣ ስሙ በላቲን ፊደል «ደብሊው ኢ ፒ ኢ ኤስ» በሆነ ፎልደር ውስጥ አድርጎ፣ ከጌሙ ኤዲት ገጽ ኢምፖርት ማድረግ። ፎልደሩ ሌላ ፎልደር ውስጥ ከተቀመጠ ጌሙ አያየውም።

ከዕቃው ሁሉ ቶሎ የሚሞተው ጆይስቲክ ነው። ማንም ሳይነካው ተጫዋቹ ወደ ጎን መንሸራተት ይጀምራል። ከጀርባ በኤል2 በኩል ያለችውን ቀዳዳ በስፒል መጫን ከኮንሶሉ ጋር ያለውን ግንኙነት ያድሳል እንጂ ይህን አይፈታም። በእያንዳንዱ አናሎግ (በአውራ ጣት የሚገፋው ዱላ) ጎን እንቅስቃሴውን የሚለኩ ሁለት ትንንሽ ፖቴንሽዮሜትሮች አሉ፤ በውስጣቸው ጥቁር የካርቦን መስመር አለ፣ በላዩም ስስ የብረት ምላስ ወዲያ ወዲህ ይሄዳል። የካርቦኑ መሃል ሲበላና ብናኙ ሲከማች የሚነበበው ቁጥር ይዛባል። የግራው የሚቀድመው ሩጫው ሁሉ በእሱ ስለሆነ ነው። ፔስ ብቻ ለሚጫወት ሰው በጆይስቲኩ የቀስት ቁልፎች መልመድ ያዋጣል፤ እነሱ ጋ ፖቴንሽዮሜትር የለም።

ለመፍታት ከጀርባው አራት ብሎን ነው። ሽፋኑን በኃይል መሳብ አይገባም፤ ሁለቱን ክፍል የሚያገናኝ ስስ ሪባን አለ፣ የኤል2ና የአር2 ስፕሪንጎችም ይፈናጠራሉ። ባትሪውን ነቅሎ፣ ቦርዱን የያዘችውን ብሎን ፈትቶ፣ የፖቴንሽዮሜትሩን ክዳን በቀጭን ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ማንሳት፤ ከዚያ መስመሩን አልኮል በነካ ጥጥ መጥረግ። የፋርማሲው ባለ 70 ከመቶ አልኮል ውሃ ስላለበት ሳይደርቅ መግጠም የለበትም። ካርቦኑ መሃል ላይ ነጥቶ ከታየ ጽዳቱ ከጥቂት ቀን አያልፍም፤ አናሎጉ ራሱ ይቀየራል። የተበየደበት 14 ነጥብ በካውያ ይነቀላል፤ ሙቀቱ ከበዛ የቦርዱ መስመር አብሮ ይነሳል፣ ስለዚህ እጁ ለለመደ ባለሙያ መስጠት ነው። ከተቀየረ አይቀር በማግኔት የሚሠራው ሆል ኢፌክት ቢገኝ እሱ ይመረጣል፤ የሚበላ ካርቦን የለውም።

ሙቀትን በተመለከተ የከተማችን ከፍታ ይረሳል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ አየሩ በባሕር ጠለል ላይ ካለው አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። በዚያው ፍጥነት የሚዞር ፋን የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል ማለት ነው። እንዲህ ሆኖ ሳለ አንዳንድ ጌም ቤት ሌባ ፈርቶ ኮንሶሉን እንጨት ሳጥን ውስጥ ይቆልፋል። መቆለፍ የግድ ከሆነ የሽቦ ፊት ይሠራለት፣ ከኋላውም 10 ሳንቲ ሜትር ይተውለት።

ፕሌይስቴሽን 2ን ደግሞ ዛሬም አላጣጥልም። ፊፋ 14 እና ፔስ 2014 ድረስ ወጥቶለታል፤ ሳን አንድሪያስና ቴከን 5 በእሱ ላይ አሁንም ያስመሻሉ። አሮጌውን የሚገዛ ሰው ሲዲ አስገብቶ ጨዋታው እስኪጀምር ይጠብቅ፤ ሌንሱ የደከመ ዕቃ ሎጎው ጋ ቆሞ ይቀራል። የሞዴል ቁጥሩ ከ70000 እስከ 79000 የሆነው ስሊም አስማሚው ውጭ ነው፣ 8.5 ቮልት። ሶኬቱ ስለገባ ብቻ ባለ 12 ቮልት አስማሚ መሰካት ቦርዱን ያቃጥላል፤ ስለዚህ ከአስማሚው ጀርባ የተጻፈውን ሳያነቡ ገንዘብ መክፈል አይገባም።