የኩርቴዞን ድንጋይና የፔራን ቤተሰብ ወይን

በደቡብ ፈረንሳይ ከኦራንዥ ከተማ ወደ አቪኞን ስወርድ፣ ኩርቴዞን የምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ያለው የሻቶ ደ ቦካስቴል የወይን እርሻ ከሩቅ ሲያዩት ድንጋይ ብቻ ይመስላል። የሮን ወንዝ በጥንት ዘመን አንከባሎ ያመጣው ድቡልቡል ድንጋይ ነው። ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ለግንዱ ይመልሳል፤ ከሥሩ ያለው ሸክላ አፈር ደግሞ ለድርቁ ወራት እርጥበት ያቆያል። ከሰሜን የሚነፍሰው ሚስትራል የተባለ ነፋስ ቅጠሉን ስለሚያደርቅ ሻጋታ አይበረታም፤ ረጅም ቅርንጫፍ ግን ይሰብራል። ግሬናሽና ሙርቬድር የተባሉት ቀይ የወይን ዝርያዎች አጥረው የሚገረዙትም ለዚህ ነው።

ስሙ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1549 እዚህ መሬትና ጎተራ ከገዛው ፒየር ደ ቦካስቴል ነው። ሥር በሉ ተባይ ፊሎክሴራ የፈረንሳይን ወይን ካወደመ በኋላ፣ በ1909 ፒየር ትራሚዬ እርሻውን ገዛ። ከእሱ ወደ አማቹ ፒየር ፔራን፣ ከዚያም ወደ ዣክ ፔራን ተላለፈ፤ ቤተሰቡ እስከ ዛሬ አልለቀቀውም። ከ1950 ጀምሮ ያለ ኬሚካል ማዳበሪያ ነው የሚያርሱት።

እርሻው የሚገኝበት የሻቶኔፍ ዱ ፓፕ የወይን ክልል ደንብ 13 የወይን ዝርያዎችን ይፈቅዳል። አብዛኛው አምራች በግሬናሽ ሲመካ፣ እዚህ 13ቱም አሉ። በቀዩ ወይን ውስጥ ሙርቬድር 30 በመቶ ያህል ይገባል፤ ከግሬናሽ እኩል ማለት ነው። በእኔ እምነት የቤቱ ጥንካሬ ይህ ነው። ሙርቬድር ዘግይቶ የሚበስል፣ ትዕግሥት የሚጠይቅ ዝርያ ነው፤ ቸኩለው ከለቀሙት አፍ የሚያደርቅና ጥሬ ቅጠል ቅጠል የሚል ይሆናል።

ለቀማው በእጅ ነው፣ በሄክታር ከ35 ሄክቶሊትር (3,500 ሊትር) በላይ መጭመቅም አይፈቀድም። ከዘለላው የተላቀቀው ፍሬ በቧንቧ ሲያልፍ ቅርፊቱ ለአፍታ እስከ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሞቅና ወዲያው ወደ 20 ይወርዳል። ይህም ወይኑን በአየር የሚያበላሹትን ኢንዛይሞች ያዳክማል፣ ቀለሙንም ያወጣል። ሙቀቱ ከቅርፊቱ አልፎ ጭማቂው ውስጥ ከዘለቀ ግን ጣዕሙ የተቀቀለ ማርማላታ ይሆናል። ከዚያ እያንዳንዱ ዝርያ ለብቻው ይፈላል፦ ግሬናሽ አየር ቶሎ ስለሚጎዳው በሲሚንቶ ጋን፣ ትንሽ አየር የሚፈልጉት ሙርቬድርና ሲራ የተባለው ሌላ ቀይ ዝርያ በእንጨት ጋን። ከተቀላቀለ በኋላ በትልልቅ የኦክ በርሜሎች አንድ ዓመት ያህል ያርፋል። ትልቅ በርሜል የሚመረጠው የእንጨቱ ሽታ ፍሬውን እንዳይጫነው ነው።

ለሚገዛ ሰው፦ ቀዩን በመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት ጠጡት፣ አለዚያ አሥር ዓመት አልፎት ክፈቱት። በመሃሉ መዓዛው ይዘጋል። ሲቀርብ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ይሁን። ነጩም እንዳያመልጣችሁ፤ በተለይ ከአሮጌ ግንዶች የሚለቀመው ሩሳን የተባለው ነጭ ዝርያ። እሱን ከማቀዝቀዣ አውጥታችሁ ወዲያው አትቅዱት፣ በጣም ከቀዘቀዘ የማርና የአበባ መዓዛው አይወጣም።